ለቮልሷ ኢንሹራንስ ፍለጋ

ኮሮና ገብቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ጭምብልና ሳኒታይዘር ሲያወራ እኛ ቤት ጭንቁ የታርጋ ሆነ። የቤት መኪኖች በታርጋቸው የመጨረሻ ቁጥር በፈረቃ፣ አንድ ቀን ጎዶሎ አንድ ቀን ሙሉ እየሆኑ እንዲወጡ ተወስኗል። ታክሲዎች በግማሽ ይጭናሉ፤ ታሪፉ እጥፍ ሆኗል። እናቴ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቷን የምትታጠብ ሰው ናት። በአንድ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ትቆያለች፤ ስትወጣ ጉልበቷ ስለሚከዳት ደግፈን ነው የምናወጣት። ለሁለት ደቂቃ እንኳ ታክሲ ጥበቃ ልትቆም አትችልም። የቤታችን ያሪስ ታርጋ ጎዶሎ ነው።

በሙሉ ቁጥር ቀን የሆስፒታል ወረቀቷን ይዘን ወጣን። አንዱ ትራፊክ ወረቀቱን አይቶ «እግዜር ይማራት» ብሎ አሳለፈን። ሌላው ደግሞ እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝታ እያየ መመሪያ ነው ብሎ አቆመን። እሱም ሥራው ነው፤ አልፈርድበትም። ግን ደም ማጠብ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም። ባለቤቴ ያን ዕለት ማታ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ሁለተኛ መኪና እንፈልግ፤ የፈለገ ያረጀ ይሁን፣ ታርጋው ብቻ ሙሉ ይሁን» አለች።

ርካሽ መኪና ለመፈለግ ደግሞ ከዚያ ዓመት የከፋ ጊዜ አልነበረም። የኤክሳይስ ታክሱ አዋጅ፣ ቁጥር 1186/2012፣ ገና መውጣቱ ነው፤ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ሲገቡ እስከ 500 በመቶ ታክስ ተጥሎባቸዋል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ዛጎል የመሰለውም ዝገት የበላውም፣ በአንድ ሌሊት ዋጋው ሰማይ ወጣ። ዲኤክስ የያዘ ሰው የቤት ባለቤት ያህል ይኮራ ጀመር። እኛ በመጨረሻ አቅማችን የደረሰው አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ላይ ነበር። ደላላው ስልክ ሲደውልልኝ ስለ ሞተሯም ስለ ቀለሟም ሳልጠይቅ፣ «ታርጋዋ በስንት ያልቃል?» አልኩት። «በስምንት» አለኝ።

ባለቤቷ ጉለሌ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ትተዋል። ቮልሷን ግን በየሳምንቱ እያስነሱ፣ ጎማዋን እየነፉ፣ በላስቲክ እየሸፈኑ ኖረዋል። ዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ እንደ እሷ ያሉ ቮልሶች ተሠርተው፣ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው በ1995 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ግን ዛሬም መለዋወጫዋን የሚያውቅ፣ ድምጿን ሰምቶ በሽታዋን የሚናገር መካኒክ አይጠፋም። መምህሩ የኋላ ወንበሯን አንስተው የሻንሲ ቁጥሯን በእጃቸው እየዳበሱ አሳዩኝ። «ቁጥሩን እያት፤ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። እኔ ያልሆነ ነገር አልሸጥልህም ልጄ» አሉኝ።

ስም ለማዞር ስንሄድ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ቀንሶ፣ አገልግሎቱን ገድቦ እየሠራ ነበር። ቀጠሮው ራቀ። ስለዚህ የሽያጭ ውል ተፈራርመን፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደን ውክልና ሰጡኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በውክልና ብቻ ለዓመታት የሚነዳ መኪና ብዙ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሦስትና አራት ሰው ዘንድ የደረሰ፣ ሊብሬው ግን የመጀመሪያው ሰው ስም ላይ የቀረ። መምህሩ ይህን ስለሚያውቁ ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ «ቀጠሮው እንደደረሰ ስሙን አዙርልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት መንከራተት አልፈልግም» አሉኝ። ቃሌን ሰጠኋቸው።

ከዚያ የኢንሹራንሱ ጉዳይ መጣ። ሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ ቦሎ የለም። እኔ ግን የፈለግኩት እንደ ያሪሷ ሙሉ ሽፋን ነው። ገንዘባችንን አሟጠን የገዛናት መኪና ናት፤ ብትገጭ ወይም ብትሰረቅ ሌላ የምንገዛበት የለንም። እናቴ የምትሄድባት ብቸኛዋ የሙሉ ቁጥር ቀን መኪና እሷው ናት።

መጀመሪያ የሄድኩት ያሪሷን ለዓመታት ወደማሳድስበት ድርጅት ነው። በሩ ላይ እጅ አስታጥበው፣ ሙቀት ለክተው አስገቡኝ። ልጁ ሊብሬውን ገለጥ አድርጎ የተሠራችበትን ዘመን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። የመኪናው ዕድሜ ካለፈ ሙሉ ሽፋን አይሰጡም፤ የድርጅቱ ደንብ ነው። ደንበኛችሁ ነኝ፣ አንድም ቀን ካሳ ጠይቄ አላውቅም ብዬ ተከራከርኩ። ያንን ቅናሽ ያገኘሁት በያሪሷ ነው፤ ወደ ሌላ መኪና አይተላለፍም አለኝ። በትህትና ነው የነገረኝ። ምክንያቱም ይገባኛል፦ ለአሮጌ መኪና ዋጋ ማውጣት ያስቸግራል፤ አንድ ፓራፋንጎ ሲቀየር አሮጌው በአዲስ ስለሚተካ ባለመኪናው ከጉዳቱ በላይ ሊያገኝ ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት ደግሞ የንብረት ኢንሹራንስ የጠፋን ነገር ለመተካት እንጂ ለማትረፊያ አይሆንም። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ሆኖም አቅም የሌለው ሰው የሚገዛው አሮጌ መኪና ነው፤ ሲጎዳም መልሶ ለመነሳት የሚቸገረው እሱ ነው። ለዚህ ሰው የሚሆን ነገር ማዘጋጀት የማንም ሥራ አለመሆኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ድርጅት እንቀበላለን አለ። ቁጭ ብለን አሰላን። አረቦኑ ከመኪናው ዋጋ ላይ በመቶኛ የሚታሰብ ነው፤ ስለዚህ ርካሽ መኪና ርካሽ አረቦን ይኖራታል ብሎ ሰው ያስባል። ነገር ግን አረቦኑ ከዚህ አይወርድም የሚባል ወለል አለው። በእያንዳንዱ ጉዳት ላይ ባለመኪናው ከኪሱ የሚሸፍነው ተቀናሽም እንዲሁ ወለል አለው። ሁለቱ ወለሎች ለትልቅ መኪና አይታወቁም፤ ለትንሿ ግን ሁሉ ነገር እነሱ ናቸው። የፓራውልት መታጠፍ፣ የፍሬቻ መሰበር፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ የሚያጋጥመው ጭረት ሁሉ ከተቀናሹ በታች ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ከፍዬ ኢንሹራንሱ የሚደርስልኝ መኪናዋ ጨርሳ ስትወድም ብቻ ነው። ያኔም የሚከፈለኝ እነሱ በገመቱት ዋጋ ሲሆን፣ ግምታቸው እኔ ከገዛሁበት በብዙ ያንሳል፤ ገበያው በየሳምንቱ ሲጨምር የእነሱ ሰንጠረዥ የቆመው ከታክሱ በፊት በነበረው ዋጋ ላይ ነው። ከፍ አድርጋችሁ ገምቱልኝ ብል ደግሞ አረቦኑ ከወር ደሞዜ ይበልጣል።

ሦስተኛው ዘንድ ነገሩ ሊሳካ ደርሶ ነበር። ዋጋው ይቻላል፤ ግምቱም ለገበያው ይቀርባል። መኪናዋን የሚያይ ባለሙያ ላኩልኝ። ጸጥ ያለ ሰው ነው። ጃኬቱን አውልቆ የኋላ ኮፈኗን ከፈተ፣ ተንበረከከ፣ ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር፣ ከቺንጋው ጀርባ፣ በስልኩ መብራት ፈለገ። የቮልስ ሞተር ቁጥር የሚታተመው እዚያ ነው። በዘይትና በአቧራ ተደፍኖ ምንም አይታይም። ቤንዚን የነካ ጨርቅ ጠየቀኝ፤ አሸት አሸት አድርጎ ቁጥሩን አወጣው። አንድ በአንድ እያነበበ ወረቀት ላይ ጻፈ፤ ከዚያ ሊብሬውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላትም ሆነ ተከታዮቹ ቁጥሮች አይመሳሰሉም።

ለመምህሩ ደወልኩ። ለአፍታ ዝም አሉና አስታወሱት። በደርግ ጊዜ ሞተሯ ተቃጥሎ፣ መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን፣ ከሌላ ከተገለበጠች ቮልስ ሞተር ገዝተው አስገጥመዋል። ያኔ የሞተር ለውጥ አስመዝግብ ያላቸው ሰው አልነበረም። በየዓመቱ ምርመራውን ያለፈችውም ቁጥሩን ከዘይት ሥር አጽድቶ ያነበበ ሰው ስለሌለ ይሆናል። ባለሙያው ቅር ብሎት፣ «ጌታዬ፣ የሞተሩ ነገር ሳይስተካከል ሙሉ ሽፋን ብንሰጥዎ፣ ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ወረቀቱ አይከፍልዎትም። ዛሬ ብነግርዎት ይሻላል» አለኝ። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን አረቦኑን ተቀብሎ ዝም ይላል።

የእናቴ ቀጠሮ ግን አይጠብቅም። ሌላው ቢቀር ሦስተኛ ወገኑን ልግዛ ብዬ ወደ ቴክኒክ ምርመራ ጣቢያው ሄድኩ። በየጣቢያው ደጅ ትንንሽ ክፍል ተከራይተው የሚሠሩ የኢንሹራንስ ወኪሎች አሉ። አንዲት ጠና ያለች ሴት ጋ ገባሁ፤ ጠረጴዛዋ ላይ ከሳኒታይዘሩ አጠገብ የታጠፈ የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂ አለ። የደረሰብኝን ሁሉ ነገርኳት። ዕድሜውን፣ ወለሉን፣ ግምቱን፣ የሞተር ቁጥሩን። አንድም ጊዜ ሳታቋርጠኝ ከሰማች በኋላ፣

«ወንድሜ፣ እስካሁን የነገሩኝ ሁሉ ስለ መኪናዋ ነው» አለች። «ይቺ ቮልስ ሰው ብትገጭስ?»

«ሦስተኛ ወገን አለ አይደል?»

ጋዜጣውን ዘርግታ በጣቷ አሳየችኝ። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ መጀመሪያ የወጣው በ2000 ዓ.ም. በቁጥር 559 ነው፤ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። ይህ አዋጅ ከመምጣቱ በፊት የተገጨ ሰው የገጪውን ኪስ አይቶ ነው የሚታከመው፤ ገጪው ከሌለው ወይም ከጠፋ ቤቱ ገብቶ መተኛት ነበር። አዋጁ ትልቅ ነገር አድርጓል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ላደረሰው ጉዳት እንኳ ከየአረቦኑ ተቀንሶ የሚጠራቀም ፈንድ አቁሟል። የጤና ተቋም ለተጎጂው ያን ጊዜ እስከ 2,000 ብር ድረስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጥ አድርጓል። ለሞት የሚከፈለው ካሳ ግን ያን ጊዜ ከ5,000 አያንስም፣ ከ40,000 ብር አይበልጥም ነበር፤ ለንብረት ደግሞ እስከ 100,000። አነበብኩት። መልሼ አነበብኩት። ለንብረት የተፈቀደው ለሰው ከተፈቀደው እጥፍ በላይ ነበር።

«ከዚህ በላይ ያለውስ?» አልኳት።

«ከባለመኪናው ነዋ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ቁጥር 2081 ጥፋት አለብህ የለብህም አይልም፤ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ ሌላ ሰው ሲነዳውም ቢሆን። ከሳሽ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ስም ነው።» ሊብሬውን አንስታ የመምህሩን ስም አነበበች። «እኚህ ሰው ማናቸው?»

እዚያች ክፍል ውስጥ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠብኝ። ቮልሷ ርካሽ ስለሆነች አደጋዋም ርካሽ የሚሆን መስሎን ነው የምንደራደረው። በአንድ ሰው እግር ላይ የምትወጣ ጎማ ግን የአሮጌም የአዲስም መኪና ሕመሟ አንድ ነው። እኔ ስጨነቅ የከረምኩት ለቆርቆሮ ነበር። ሊያስጨንቀኝ የሚገባው መንገድ ላይ የሚሄደው ሰው ነው፤ ከእሱ ቀጥሎም ጉለሌ ቤታቸው ተቀምጠው፣ ባልነዱት መኪና ሊከሰሱ የሚችሉት መምህር። ወኪሏ ከአስገዳጁ ገደብ በላይ የሆነውን ኃላፊነት የሚሸፍን ተጨማሪ ውል እንዳለ፣ ሰው እምብዛም እንደማይጠይቀው ነገረችኝ። ዋጋውን ስትነግረኝ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ለሙሉ ሽፋን ከተጠየቅኩት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነበር። ሞተሯ ስንት እንደሆነ፣ ቀለሟ መቼ እንደተቀባ የጠየቀኝ የለም፤ ለአሮጌዋም ለአዲሷም ያው ነው። መምህሩን ጠይቄ፣ እሳቸውም እኔም በውሉ ውስጥ በግልጽ እንድንጠቀስ አድርጌ ገዛሁት። ተለጣፊውን መስታወቷ ላይ አጣበቅን፤ ቦሎዋንም ወሰደች።

በዚያው ክረምት መግቢያ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም እናቴን አድርሶ ሲመለስ፣ ጭምብል የሚሸጥ ልጅ ከቆሙ ታክሲዎች መሐል ድንገት ወጣ። ፍሬኑን ረገጠ፤ ቮልሷ ፍጥነት ስላልነበራት ቆመች፤ ልጁ ግን በፊት ኮፈኗ ተገፍቶ በእጁ ላይ ወደቀ። እኔ ስደርስ ትራፊክ ፕላን እያነሳ ነው። ጭምብሎቹ አስፋልቱ ላይ ተበትነዋል፤ የባለቤቴ ወንድም ተንበርክኮ እየለቀመ ያለቅሳል። ልጁ አስራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ከሕመሙ ይልቅ የሚያሳስበው ዕቃው የሰው መሆኑ ነበር፤ «የአጎቴ ነው፣ የአጎቴ ነው» እያለ ይቆጥራል።

ሆስፒታል ወሰድነው። ካርድ፣ ራጅ፣ ጀሶ። አንጓው ተሰንጥቋል። በአዋጁ መሠረት በአስቸኳይ ሕክምናው ሒሳብ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ታከመ፤ 2,000 ብሩ ለዚያ ቀን በቃ። ራጁን እየጠበቅን ግን በልቤ የማሰላው ሌላ ነው። ጭንቅላቱ ቢሆንስ? ወገቡ ቢሆንስ? ከጎናችን በአልጋ የተኛ ሌላ የመኪና ተጎጂ አለ፤ ቤተሰቦቹ ለቀዶ ሕክምና ገንዘብ እያዋጡ ነው። ያን ያየ ሰው 40,000 ብር የት እንደሚያልቅ አይጠፋውም።

ፖሊስ ጣቢያ ሊብሬው ሲታይ የመምህሩ ስም ተመዘገበ። ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው፤ እርስዎ አይምጡ፣ ኮሮና ነው፣ ውሉን እኔ አሳያለሁ አልኩ። ሰዓት ሳይሞላ ግን ሁለት ጭምብል ደራርበው፣ የሽያጭ ውሉን ቅጂ በፖስታ ይዘው ከች አሉ። «ስሜ ያለበት መኪና ልጅ ጎድቶ እኔ ቤቴ አልቀመጥም» ብለው ቀጥታ የሄዱት ልጁ ጋ ነው። ትምህርት ቤት ይማር እንደሆነ ጠየቁት። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል አላቸው። የስንተኛ ክፍል ተማሪ እንደሆነ ጠየቁትና ሒሳብ ሊያስጠኑት ከእኔ ስልኩን ወሰዱ።

የልጁ አጎት መጣ። መጀመሪያ ተቆጣ፤ መቆጣትም ነበረበት። በኋላ ከሰፈራችን ሁለት ሽማግሌ፣ ከእነሱም ሁለት ሆነው ተቀመጡ። ጀሶው እስኪፈታ ልጁ ሊያጣ የሚችለውን ገቢ፣ የተበላሸውን ዕቃና የክትትል ሕክምናውን እኛ ልንሸፍን ተስማማን። ኢንሹራንሱም የድርሻውን ከፈለ። ወኪሏ ፋይሉን በእጇ ይዛ ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዳ አስጨረሰችው፤ ይህን የማድረግ ግዴታ አልነበረባትም።

ፈረቃው ከጊዜ በኋላ ተነሳ። ቮልሷን ግን አልሸጥናትም። ጥቅምት ላይ ቀጠሯችን ደርሶ ከመምህሩ ጋር ሄደን ስሟን አዞርን፤ የሞተር ለውጡንም መካኒኩና እሳቸው መስክረው፣ ወረቀቱ ተሟልቶ እንዲመዘገብ አመለከትን። ቴምብሩንና ሌላውን ክፍያ ስጨርስ መምህሩ ውክልናው መሰረዙን ራሳቸው ካላረጋገጡ አልሄድም ብለው ሰልፍ ያዙ። ተጨማሪውን ውል በየዓመቱ አሳድሰዋለሁ፤ በየዕድሳቱም ገደቡን አቅሜ እስከፈቀደ ከፍ አስደርገዋለሁ። ሙሉ ሽፋን እስከ ዛሬ የላትም። ብትሰረቅ እናዝናለን፣ ሌላ እንፈልጋለን። ልጁ አሁን ዘጠነኛ ክፍል አልፏል፤ ለሒሳቡ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉለሌ ይሄዳል።